አባ ተማም ለእንግዳ የሰጡት አፈር

ዛሬ ሰቃ ላይ አባ ተማም የአፈር ካርታ ፊት ቆመው አለቀሱ።

ካርታውን የሠራችው የአፈር ባለሙያዋ ጓደኛዬ ሰአዳ ናት። አሲድ የበዛበት መሬት ቀይ፣ ደህናው አረንጓዴ ነው። አሲዱን የሚያበርደው ኖራ የሚታደለው ለቀዩ ብቻ ነው።

የአባ ተማም ሰፈር ካርታው ላይ አረንጓዴ ነው። በቆሎው ግን ቀጭጮ ጉልበት ላይ ቀርቷል።

"አባ፣ አምና ለናሙና በፌስታል ያመጡልን አፈር ከማሳዎ ነበር?" አለቻቸው ሰአዳ።

"ከጓሮዬ ነዋ! አመድና ፍግ የጠገበውን። ለእንግዳ ከክፉው መሬቴ ዝቄ ልስጥ? ወላሂ ነውር ነው!"

(እኔ ብሆን ነፍቼ በሰፌድ ነበር የማቀርበው።)

ሰአዳ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። አመድ አሲድን ስለሚቀንስ፣ የጓሮው አፈር ማሳቸውንም ደህና አስመስሎታል። ካርታው ናሙና ያልተወሰደበትን መሬት የሚገምተው አጠገቡ ካለው ናሙና ተነስቶ ነው።

"የዘይነባም?" አሉ። ዘይነባ ጎረቤታቸው ናት፤ ባሏ ሞቶባት አምስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ከእሷ ማሳ አፈር የወሰደ የለም።

"አዎ አባ። የእሷም በእርስዎ አፈር ነው የተገመተው።"

ያለቀሱት ይሄኔ ነው። "የእኔስ ይሁን። እሷን በምን ዓይኔ ልያት?"

ካርታው ይታረማል፤ የዘንድሮው ኖራ ግን ታድሎ አልቋል።

ስንመለስ ዘይነባ ከአጥሯ ብቅ አለች። ምንም አታውቅም። "አባ ተማም፣ በቆሎዬ እምቢ አለኝ፤ እስኪ ዱአ ያድርጉልኝ" አለቻቸው።

እጃቸውን ዘረጉ።

ወዳጆቼ፣ በደግነት ያደረጋችሁት ነገር ሌላ ሰው ጎድቶባችሁ ያውቃል? ምን ብላችሁ ነገራችሁት? እባካችሁ ጻፉልኝ፤ አባ ተማም እስካሁን አልነገሯትም።