ከባጃጅ ጎማ የተቆረጠ ጎሚኒ

ያንን የቡና ማሽን ከመጣበት ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ። ወንድሜ ነው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የላከው፤ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በካርቶን አሽጎ። «አባዬ ቤት ሲውል እንዳይከፋው» አለኝ በስልክ። ጎሽ የኔ ጌታ! አባዬ እንዳይከፋው እሱ ማሽን ይልካል፣ እኔ አጥባለሁ፣ እወለውላለሁ፣ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ውዬ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ አተላ የሞላበት የማሽን ትሪ ነበር።

የማያውቅ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ቡና መጠጣት ብቻ ይመስለዋል። ይምጣና ይሞክራት! ቦንጋ ላይ መብራት ሲሄድ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሲመለስ ግን ተንደርድሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱን የሚያህል ስታቢላይዘር ተገዛለት፤ እሱም የምግብ ጠረጴዛችንን ግማሽ ያዘ። ውሃችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ዓይነት ነው። ያ ቅርፊት ቀጭኑን ቧንቧ እንዳይደፍነው በየወሩ አቼቶ በውሃ በጥብጬ አሳልፋለሁ፤ ከዚያ ሽታው እስኪለቅ ድረስ ንጹህ ውሃ ደጋግሜ አሳልፋለሁ። እርጥበቱ ደግሞ አለ። ከምሽቱ የተፈጨ ቡና ጠዋት ጭቃ ነው። ቡናው ከሚጠቀጠቅበት እጀታ ያልተራገፈ አተላ በሁለተኛው ቀን ጸጉር ያበቅላል። ይህን ሁሉ የማደርገው ማን እንዲጠጣው ነው? አባቴ። አባቴ ደግሞ ምን ይላል? «እጣቢ!»

እዚህ ላይ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። አባቴ የቡና ቀማሽ ነበር፤ ሥራው ይኸው ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በማንኪያ ፉት እያለ፣ እየተፋ፣ እየጻፈ። እሱ ያሳለፈው ቡና የበቀለበትን ቀበሌ ስም ይዞ ይሄዳል። እሱ የጣለው ከአገር ምድሩ ቡና ጋር ተደባልቆ ክምር ውስጥ ይገባና የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል። ጡረታ ወጥቶም ሰው አልተወውም። አንድ ቡና ላኪ ነጋዴ «ጋሼ ያለፈ ነው ያሉኝን ብቻ ነው የምወስደው» ብሎ ስላስወራ፣ ገበሬው ከሺሺንዳም ከደካም ገጠር ናሙናውን በፌስታል ቋጥሮ ቤታችን ድረስ ይመጣ ነበር። የሰው የዓመት ልፋት አባቴ ምላስ ላይ ወጥቶ ይወርዳል ማለት ነው። ይህንን እሱም ያውቅ ነበር፣ እንዴት አድርጎ!

መጀመሪያ ማሽኑን ከኔ በላይ ጠልቶት ነበር። «ይሄ ቡና ማፍላት አይደለም፣ ቡና አንቆ መግደል ነው» ይል ነበር። ከዚያ አንድ ክረምት ከባድ ጉንፋን ይዞት ሁለት ሳምንት ተኛ። ሲነሳ ጠባዩ ተለወጠ። ማንኪያዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ከተታቸውና «ውጭ አገር ያሉት ጠጪዎች በማሽን ነው የሚጠጡት፤ እኛም በማሽን ነው መፍረድ ያለብን» አለ። እኔም ጅሏ፣ ወንድሜ የላከውን ነገር ወደደለት ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ አንድ ሳምንት አልቆየም። አዲስ ሥርዓት አመጣ። ቡናው ከማሽኑ እንደወረደ «አንቺ ቅመሺ መጀመሪያ» ይላል። እቀምሳለሁ። ዓይኑን ፊቴ ላይ ተክሎ ያየኛል። ከዚያ ይጀምራል፦ «አፍሽን ምን ሆነሽ ነው የምታጣምሚው? ምን ታውቂያለሽ አንቺ? ስኒ ሙሉ ስኳር ስትግጪ ያደግሽ!» ስኒውን ይቀማኝና አንዴ ፉት ብሎ፣ ጣራ ጣራውን አይቶ ፍርዱን ይሰጣል። እንግዳ ፊት ሲሰድበኝ ደግሞ ይብሳል። ስንቱ ገበሬ እኔን እያየ አንገቱን ደፍቷል መሰላችሁ። እኔ ስኒ አጥባለሁ። ለምን ቤቱን ጥለሽ አትወጪም ያለኝ ሰው አለ፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ማን ይይዘዋል? ወንድሜ? እሱማ ማሽን ልኳል!

አምና ጥር ላይ ከሺሺንዳ አንዲት ሴት መጣች። በዕድሜ ከኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ዝምተኛ፣ ነጠላዋን አጥብቃ ያሰረች። የራሷን ቡና ነው ያመጣችው፤ ባሏ በቡናው ብዙም እምነት የለውም፣ «ካለፈልሽ እናያለን» ብሏታል። ያን ዕለት ጠዋት ከአባቴ ጋር በማሽኑ ትሪ ተጣልተን ነበር። ትሪው ሞልቶ ጋዜጣው ላይ ፈሶበት «እናትሽ ብትኖር እንዲህ ያለ ጉድ አናይም ነበር» አለኝ። እናቴን አነሳብኝ! ደሜ እንደፈላ የሴትየዋን ቡና አወረድኩና «ቅመሺ» ሲለኝ ቀመስኩ። አየኝ። እሱም ፉት አለና ስኒውን አስቀመጠ።

«ሻግቷል» አለ። «ስታደርቂው ዝናብ መትቶታል።»

«አልመታውም ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ደመና ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ ሸራ አለብሰው ነበር። ከማድረቂያው ቆጥም መሬት አላወረድኩት።»

«ታዲያ ምላሴ ይዋሻል?»

ፌስታሏን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ከታ፣ እኔንም እሱንም አመስግና ወጣች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ትሪ እያጠብኩ ነበር። ዞር ብዬ እንኳን ደህና ግቢ አላልኳትም።

ዘንድሮ ደግሞ ጎሚኒው ተበላሸ። እጀታው ማሽኑ ላይ የሚገጥምበት ቦታ ክብ ጎሚኒ አለ፤ ውሃው በጎን እንዳያመልጥ የሚይዘው እሱ ነው። ከሙቀቱ ብዛት ደርቆ እንደ ቀንድ ሆነ። ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር የፈላ ውሃ ጣቴ ላይ ይተፋል፤ ሁለት ጊዜ አቃጠለኝ። ወንድሜን «ጎሚኒ ላክ» አልኩት። «ዛሬ ነገ» እያለ ወር ሞላው። በመጨረሻ አሮጌውን ነቅዬ ባጃጅ የሚሠሩበት ጋራዥ ይዤ ሄድኩ። መካኒኩ አገላብጦ አየውና «ይሄማ ምን አላት!» ብሎ ከተጣለ የባጃጅ የውስጥ ጎማ ላይ በምላጭ ክብ አድርጎ ቆረጠልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ገጠምኩት። ጠብታ እንኳን አላመለጠም። እሰይ አልኩ፣ ወንድሜንም ማሽኑንም የተበቀልኩ ያህል ተሰማኝ።

ሳልሞክረው በሩ ተንኳኳ። የሺሺንዳዋ ሴት ናት። ናሙናዋን በዚያው ሳምንት በሚኒባስ ልካ ነበር፤ ቆልቼ አስቀምጬላት ነበር። የማን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ደግሞ አንዴ ይቅመሱልኝ ብዬ ነው» አለች ለአባቴ። እሱ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ «አምጪው እስቲ» አለኝ።

ማሽኑ ሲሞቅ የሆነ የሚከረፋ ሽታ መጣ። ጎረቤት ላስቲክ የሚያቃጥል መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። የመጀመሪያውን ስኒ፣ እንግዳ ናትና፣ ለእሷ ሰጠኋት። ፉት አለች። ትንሽ ቆየች፣ ዋጠች፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «ይጣፍጣል፣ እጅሽ ይባረክ» አለች። አባቴ እሷን ያይ ነበር። ሁለተኛውን ሳወርድ ቅመሺ ሳይለኝ ራሱ እጁን ዘረጋ። ጮክ ብሎ ማገው፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሄ ነው የካፋ ቡና!» አለ። «አበባ አበባ ይላል! ጫካ ውስጥ የገባሽ አይመስልሽም? ንጹህ! አልፏል።»

እኔ እኮ እንዲህ ያለ ምስጋና ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ቡናውን ያወረድኩት እኔ ነኝ ብዬ ልቤ ትንሽ ሞቅ አለ፣ አልዋሽም። ለራሴ ቀዳሁና አፌ ውስጥ አደረግሁት። ወይ ጉድ! ሮጬ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ተፋሁት። የተቃጠለ ጎማ! ልክ መንገድ ላይ ጎማ ሲያቃጥሉ አፍ ከፍቶ እንደመቆም ነው።

«ጎማ ነው! አባዬ፣ ጎማ ነው እኮ!»

«ዝም በይ አንቺ! ምን ታውቂያለሽ...»

«ምን አውቃለሁ? ይኸው አሽትተው!» ስኒውን አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት። እንፋሎቱ ፊቱን መታው። ቤቱ በሙሉ ይከረፋል፣ ጉሮሮዬን ይፍቀኛል፣ እሱ ግን ፊቱን እንኳን አላጨማደደም። አንዴ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያኔ ገባኝ። አይሸተውም። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምንም አልሸተተውም። ምሬትና ኮምጣጣ ይለይ ይሆናል፤ አበባውን፣ ሻጋታውን፣ ጎማውን ግን ከየት ያምጣው? «ቅመሺ መጀመሪያ» የሚለኝ ለዚህ ነበር። ፊቴን እያነበበ ነበር የሚፈርደው። ስድቡም ዓይኑ የት እንዳለ እንዳላስተውል ነው! ንዴቴን ምን ብዬ ልንገራችሁ!

ሴትየዋ ስኒዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «እኔም ጎማ ጎማ ብሎኝ ነበር» አለች። «በሰው ቤት ምን ብዬ ልናገር ብዬ ዋጥኩት። እርስዎ አበባ ሲሉ ደግሞ የኔ ምላስ የተበላሸ መሰለኝ።» ወደ አባቴ ዞረች። «ታዲያ ጋሼ... የአምናውስ?»

አባቴ ይቆጣል፣ ያባርራታል ብዬ ስጠብቅ ጣቱን አነሳና ወደኔ ጠቆመ።

«እሷ ፊቷን አጨፈገገች» አለ።

አያችሁ አባቴን? እዚያ ላይ እንኳን ጥፋቱን እኔ ላይ ጣለው። ልጮህበት ስል የአምናው ጠዋት ትዝ አለኝ። እውነቱን ነዋ! አጨፍግጌያለሁ። የዚያን ቀን ቡናው ከንፈሬን ነክቶ ተመለሰ እንጂ ቀመስኩት አይባልም። አፌ ውስጥ የነበረው ከአባቴ ጋር የተጣላሁበት ነገር ነበር። እኔ በሱ ተናድጄ ያኮማተርኩትን ፊት እሱ ሻጋታ ብሎ አነበበው፤ ያቺ ሴት ደግሞ ሺሺንዳ ድረስ ተሸክማው ሄደች።

ማሽኑን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ውሃ በድስት አፈላሁ፤ ከእሷው ቡና ፈጭቼ ብርጭቆ ላይ ጨመርኩና ውሃውን አፈሰስኩበት። ሦስታችንም አተላው እስኪዘቅጥ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከዚያ ቀመስኩት፤ በእውነት፣ ቀስ ብዬ፣ ሌላ ነገር ሳላስብ። ማር ማር ይላል፤ ኋላ ላይ እንደ ሎሚ ልጣጭ ያለ ነገር ይመጣል፤ ከዋጥኩት በኋላም አፌ ውስጥ ቆየ። እዚህ አገር ተወልጄ አድጌ እንዲህ ያለ ቡና ቀምሼ አላውቅም።

«ምን ምን ይላል?» አለኝ አባቴ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ልመና ነው የሚመስለው። ዛሬም ድረስ አልነገርኩትም።

ወደ እሷ ዞርኩ። «እህቴ፣ ንጹህ ነው» አልኳት። «ሻጋታ የሚባል ነገር አልነካውም። አምናም አልነካውም ነበር፣ አምናም ጥፋቱ የኛ ነው። ስንት ፈረሱላ አለሽ? ነጋዴው ጋ አሁኑኑ እደውላለሁ፣ ካላመነኝ መጥቶ ራሱ ይቅመስ።» ስልኬን አወጣሁ።

«ተይው፣ አትደውዪ» አለች። ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ አንዴ ፉት አለችና አንገቷን ነቀነቀች። «የማድረቁ ጥፋት ከኔ እንደሆነ እንዳልሆነ ልወቅ ብዬ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ አምና ያኔውኑ የቡናውን እግር ሁሉ ቆርጦ ባሕር ዛፍ ተክሎበታል። አጥር ሥር ያለው ስድስት እግር ብቻ ነው የቀረኝ።»