ከእንሰቱ ውስጥ የሚሰማ ደወል

ጠዋት ጠዋት ሰፈራችን ላይ ጉም ይተኛል። ከላይ ከመንገዱ ቆሞ ለሚያይ ሰው ቤቱም፣ ከብቱም፣ እንሰቱም የለም፤ ነጭ ብቻ ነው። እዚያ ነጩ ውስጥ ተቀምጬ፣ አንድ እግሬን ሽቅብ ሰቅዬ እንሰት ስፍቅ፣ ከማዶ ካለው ጉብታ የትምህርት ቤታችን ደወል ይሰማኛል። ደወል ስላችሁ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ባሕር ዛፍ ላይ ታስሮ በብረት ይመታል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ግን ድምፁ ጉሙን አቋርጦ እስከ ጓሯችን ይመጣል።

የመጀመሪያው ሲመታ፣ አሁን ሰልፍ ነው እላለሁ። ቀጥሎ ሲመታ፣ አሁን ፊዚክስ ገባ። እጄ ይፍቃል፣ እኔ ግን ክፍል ውስጥ ነኝ። መስኮቱ አጠገብ ያለው ዴስክ ላይ፣ በሁለቱ ጓደኞቼ መሀል ተቀምጫለሁ። ጠመኔው ሰሌዳውን ሲነካ ይሰማኛል፤ የፊት ለፊቷ ልጅ ሹሩባ እንኳ ይታየኛል። መምህሩ ይጠይቃል፣ እጄን አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ጎበዝ ይለኛል። በሕልሜ ሁሌም ጎበዝ ነበርኩ።

«ኧረ ልጄ፣ እንሰቱን ትተሽ እግርሽን ልትፍቂው ነው» ትለኛለች እናቴ ከደጅ። ያኔ እነቃለሁ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ሩቅ ዘመን አይደለም፤ የዴስክ ጓደኞቼ በእናታቸው ስልክ ፌስቡክ የሚያዩበት ጊዜ ነው። ሰፈራችን ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ኅዳር ላይ እናቴ ከምንጭ ስትመለስ ጭቃ አንሸራትቷት ወደቀችና ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ወጌሻው በቅቤ አሸው፣ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረው፣ «ይቺን እጅ እኔ መጥቼ እስክፈታት ድረስ የራስሽ እንዳይመስልሽ» አላት። ወሩ ደግሞ የእንሰት መፋቂያ ወር ነው። ጉድጓድ ውስጥ የነበረው ቆጮ እያለቀ ነበር፤ አሁን ተፍቆ ካልተቀበረ በልግ ሲመጣ የምንበላው የለንም። ቤታችን ውስጥ ሴት የምንባለው እናቴና እኔ ብቻ ነን። የቀሩት አባቴና ወንድሞቼ ናቸው።

የማያውቅ ካለ እዚህ ላይ ልንገረው። በእኛ አገር እንሰት የሚተክለው፣ የሚኮተኩተው፣ ነቅሎ የሚያዛውረው ወንድ ነው። ሲደርስ የምትፍቀው ግን ሴት ናት። ሴቶች እየፋቁ ከሆነ ወንድ በዚያ አያልፍም፤ የግድ ካለፈም ከሩቅ ስሎ፣ ፊቱን አዙሮ ነው። መፋቂያ የጨበጠ ወንድ ምን እንደሚባል ብትጠይቁኝ አላውቅም። እንዲህ ያለ ወንድ ታይቶ ስለማይታወቅ ስም አልወጣለትም።

የጎረቤት ሴቶች ደቦ ወጥተው አግዘውናል፣ ጌታ ይባርካቸው። ግን ሁሉም የየራሷ እንሰት አላት። ሌላው ለእኔ ቀረ። መጀመሪያ ሰኞን ቀረሁ። ከዚያ የገበያ ቀንን ቀረሁ፤ በገበያ ቀን ግማሹ ክፍል ስለሚቀር ያው ነው አልኩ። ከዚያ ደከመኝና ደግሞ ቀረሁ። መቅረት እንዲህ ነው፣ አንዴ ከለመደ እንደ ቤት ልጅ ሳያንኳኳ ይገባል። «ምን አለበት፣ ደብተር እቀዳለሁ» እላለሁ። የዴስክ ጓደኛዬ ጽሕፈቷ የሚያምር ልጅ ነበረች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሁሉንም እገለብጣለሁ። ነጥብ አላስቀርም ነበር።

አንድ ቀን ግን ከብዙ መቅረት በኋላ ሄድኩ። ሮጬ፣ እጄ ገና የእንሰት ሽታ እየሸተተ፣ በር ላይ ደረስኩ። የፊዚክስ መምህራችን ጀርባውን ሰጥቶን ሰሌዳው ላይ ይጽፍ ነበር። ዞር አለና «ስለዚህ» አለ። ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱም ጓደኞቼ ነቀነቁ። እኔ ብቻ ቀረሁ። ከ«ስለዚህ» በፊት ያለው ነገር ሁሉ እኔ ጓሮ ተቀምጬ በሕልሜ እጅ ሳወጣ አልፏል። ደብተሩን አየሁት፤ የቀዳሁት ሁሉ አለ፣ ቃሉም ቁጥሩም። መምህሩ በሁለት መስመር መሀል የተናገረው፣ ሰነፉ ልጅ የጠየቀው የሞኝ ጥያቄ፣ በዚያ የተነሳው ሳቅና ከሳቁ በኋላ የመጣው ማብራሪያ ግን ደብተር ላይ አይሰፍርም። ክፍሉ ያለ እኔ መሄድ እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ።

አሁን እኔ ራሴ ሆሳዕና ውስጥ አስተምራለሁ። «ቲቸር፣ ደብተር ቀድቼ እደርስበታለሁ» የሚለኝ ተማሪ ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ምን አድርጌ ልንገረው? ወላጅ ይዘህ ና ከማለቴ በፊት ግን ቤት ምን አለ ብዬ እጠይቃለሁ።

እኔን ቤት ምን አለ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ያን ቀን የፊዚክስ መምህራችን ከክፍል በኋላ አስቀረኝና «ወላጅ ይዘሽ ነይ» አለኝ። የክፍላችን ኃላፊ እሱ ነበር። ከጎጃም የመጣ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ልቡ ቅን ወጣት። እንሰትን ከሙዝ መለየት የጀመረውም በቅርቡ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን በየጓሮው እያየ «ይህ ሁሉ ሙዝ መቼ ነው የሚያፈራው?» ብሎን ለሳምንት ስቀንበታል።

አባቴ መጣ። አባቴ ረጅም፣ ቃሉ ቁጥብ፣ የተከበረ ሽማግሌ ነው። በድንበር የተጣላ፣ ሚስቱን ያስቀየመ፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣል። እቤት የምንናገረው ከምባትኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ድንጋይ እየመረጠ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ቀስ ይላል። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆመ።

«አባቴ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት» አለ መምህሩ። «ግን እየቀረች ነው። አሁንም ከቀረች ከመዝገብ ትሰረዛለች፣ ፈተናውም ላይ አትቀመጥም። እኔ ያወጣሁት አይደለም፣ ደንብ ነው።»

«እናቷ ክንዷ ተሰብሯል» አለ አባቴ። «እንሰት አለ። የሚፍቅ ሰው የለም።»

«እርስዎ አሉ አይደል?» አለ መምህሩ ፈገግ ብሎ።

በር ላይ የቆሙ የሰፈራችን ልጆች ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰውዬው ምን እንዳለ አያውቅም! ክፉ አላሰበም፣ ጠላ ጥመቅ ወይም ልብስ እጠብ ያለው ያህል ነው የመሰለው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፤ የእናቴን ክንድ ያሸው ወጌሻም ይህን አያድነውም። አባቴ መምህሩን አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ባርኔጣውን ደፋና «እሺ፣ መምህር» ብሎ ወጣ።

መንገዱን በሙሉ ከፊት ከፊት ሄደ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበርና አንዳንዴ ይጠፋኛል፣ አንዳንዴ ባርኔጣው ብቻ ይታየኛል። አለቀ፣ አልኩ። የተሰደበ ሰው የሰደበው ቤት ልጁን አይልክም። እያለቀስኩ ነው የተከተልኩት። እቤት ስንደርስ እናቴ «ምን አሉ?» አለችው። ባርኔጣውን ግድግዳው ላይ ሰቀለና «ከነገ ጀምሮ ትሂድ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሄድኩ። በማግስቱም፣ በገበያው ቀንም፣ ሰኞም ሄድኩ። ከሰዓት ስመለስ ጓሮ አዲስ የተፋቀ ክምር በኮባ ተሸፍኖ አገኛለሁ። «ማን ፋቀው?» እላታለሁ እናቴን። «እግዚአብሔር ሰው አያሳጣም» ትለኛለች። አክስቴ ናት? «እግዚአብሔር ሰው አያሳጣም አልኩሽ።» ዝም አይነቅዝም የምትል ሴት ናት እናቴ፤ ያልፈለገችውን በጉጠት አታወጡባትም። እኔም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አጥብቄ አልጠየቅኩም። በየቀኑ ክፍል መዋል የሚያሰክር ነገር ነበረው። ትናንት የተጀመረው ዛሬ ይቀጥላል፣ የዛሬው ነገን ይጠራል። «ስለዚህ» ሲባል እኔም ራሴን እነቀንቅ ጀመር።

አንድ ቀን መምህራን ስብሰባ አለን ብለው ቀደም አድርገው ለቀቁን። ከመንገዱ ሳይሆን በታች በኩል፣ በእንሰቱ መሀል አቋርጬ ገባሁ። እንሰት ውስጥ ፀሐይ ስትገባ ብርሃኑ ራሱ አረንጓዴ ይሆናል፤ የሰው ፊት፣ መሬቱ፣ አየሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ። እስከ ዛሬ ያየሁት ይሁን ያለምኩት እያልኩ የምጠራጠረው ይህንን ነው።

ባርኔጣው እንሰት ላይ ተሰቅሏል። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩን ሽቅብ ሰቅሎ፣ ጣውላው ላይ የተጋደመውን የእንሰት ግንድ በተረከዙ ረግጦ፣ የቀርከሃውን መፋቂያ በሁለት እጁ ጨብጦ ይፍቃል። መፋቅ ከተባለ። ግንዱ ከእግሩ ሥር ያመልጠዋል፣ ጭማቂው ፊቱ ላይ ይረጫል። እናቴ የታሰረ ክንዷን አቅፋ ዱካ ላይ፣ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ እያየች ተቀምጣለች። ሰው ከመጣ ልትስል ነው።

«ወደ ታች ግፋው እንጂ፣ ምኑን ነው የምትቧጥጠው?» አለችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ የተሰበረው እጅሽ ነው፤ አፍሽስ ደህና ነው» አላት።

እናቴ ሳቀች። አባቴም ሳቀ። እንዲህ ሲሳሳቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወደፊት መሄድ አልቻልኩም፣ ሮጬ ላቅፈውም ፈለግኩ። ሽማግሌው አባቴ፣ አገር የሚያከብረው ሰው፣ እኔ ክፍል ውስጥ እንድቀመጥ ብሎ ከሴት ቦታ ተቀምጧል። ኮቴዬን አጥፍቼ ተመለስኩና ሁሌ የምመጣበት ሰዓት እስኪደርስ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የእናቴ ክንድ ድኖ ወጌሻው ከፈታው ከረመ። ቆጮው ሲደርስ ቤታችን የምስጋና ፕሮግራም አደረግን፤ ጸሎት ተደረገ፣ ተዘመረ፣ ጎረቤቱና ሽማግሌው ተሰበሰበ። ከአዲሱ ጉድጓድ የወጣው ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበ። እኔ እጅ አስታጥባለሁ። ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው፣ በእንሰት ፍቂያ የሰፈሩ ዳኛ የሆነች ጎረቤታችን አንድ ጉርሻ ጎረሰች። አኘከች። ቆም አለች። ከጥርሷ መሀል ረጅም ቃጫ መዘዘችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ይህን የፋቀችው ልጅሽ ናት?» አለቻት እናቴን።

እናቴ ጎመን ጨመረችላት። ያን ጊዜ ነው ሁሉንም ቃጫው እንዳጋጠመው ያወቅኩት፤ ለእናቴ ሲሉ ውጠውት ነበር።

«ትምህርት ትምህርት ሲሉ እጅ ይጠፋል» አለች አሮጊቷ፣ ቃጫውን ሳታወርድ። «ነገ በሰው ቤት ይህን ልታበላ ነው? ፈተናው ቀርቶባት እጇን ብታስተምሪያት ይሻላል።» ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ወደ ቁም ነገር እየሄደ ነበር።

በሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣም፤ አፌ እንደ እናቴ ነው። ያን ቀን ግን አባቴ ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጧል። «እኔ ነኝ የፋቅሁት» አልኩ፣ ውሃውን መሬት ላይ እያፈሰስኩ። «አልቻልኩበትም።»

«እሷ አይደለችም» አለ አባቴ።

አሮጊቷ ወደ እሱ ዞረች።

«ልጄ ያን ጊዜ ሁሉ ትምህርት ቤት ነበረች» አለ፣ በራሳችን ቋንቋ፣ ድንበር ሲዳኝ በሚናገርበት ድምፅ። «የፋቅሁት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ቃጫውን ቀስ ብላ አወረደችው። አባቴ እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ካለው ቆረሰ፣ ጎረሰ፣ ረጅም ጊዜ አኘከ። ከዚያ ከጥርሱ መሀል የራሱን ቃጫ መዘዘ።

«እውነትም ቃጫ አለው» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ አሮጊቷ እንደገና ቆርሳ ጎረሰች፤ ሌላውም ቀጠለ። ያን ዓመት ያንን ቆጮ እስኪያልቅ በላነው፣ ስለ ቃጫው ያነሳ ሰው አልነበረም።

የምስጋናው ማግስት ሰኞ ነበር። ጉሙ ውስጥ ሄድኩ፣ ቸርኬው ሲመታ ቅጥር ግቢ ውስጥ ነበርኩ። መምህሩ ስም መጥራት ጀመረ። የቀሩ ብዙ ነበሩ። ስሜ ሲደርስ «አለሁ» አልኩ፤ ጉሙን አልፎ፣ ማዶ እንሰቱ ውስጥ ላለ ሰው እንዲሰማ አድርጌ ነው የጮህኩት። ክፍሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ።