አምስት ኩንታል ሲሚንቶና አንድ አስቸኳይ ስብሰባ

ዛሬ ዛሬ ሰው ስለ ግንበኛ ሲያማርር ስሰማ ሳቄ ይመጣል። እመጣለሁ ብሎ ቀረ፣ አጣሞ ሠራ፣ ይላሉ። እኔ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የጭቃ ቤቴን ወለል ሊሾ ላስደርግ ያነጋገርኋቸው ግንበኛ የማይዋሹ፣ የማይጠጡ፣ እጃቸው የተባረከ ሽማግሌ ነበሩ። ችግሩ እሳቸው አልነበሩም። ችግሩ ቀን ነው። ሥራ የሚሠራበት ቀን ከአገር ጠፍቶ ነበር።

ሊሾው ቅንጦት አልነበረም። ቤታችን ከጣና ዳር ብዙ አይርቅም፤ ክረምት ሲገባ ርጥበቱ ከመሬት እየተነሣ ምንጣፉን ሳይቀር ያሻግተዋል። እናቴ ከዘጌ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ጉልበቷን ቁርጥማት ያዛት። በመጀመሪያው ክረምት አነከሰች፤ በሁለተኛው ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አየት አድርጎ፣ «ከዚህ እርጥብ መሬት ካላነሣሃት፣ ሦስተኛውን ክረምት በእግሯ አትሄድም» አለኝ።

እሷ ግን ወይ ፍንክች! «እበት የለቀለቅሁት መሬት ነው አንተን ያሳደገህ። አሁን ምን በደለህና ነው በድንጋይ የምትደፍነው?» ትለኛለች።

ሲሚንቶ ያኔ በቀበሌ ደብዳቤ ነበር የሚገኘው። አመለከትሁ፣ ደጅ ጠናሁ፣ ጫማዬ አለቀ። ዓመት ሊሞላኝ ሲል አምስት ኩንታል ተፈቀደልኝ። ሲሚንቶ ደግሞ ርጥበት ካገኘው እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ መደቤን ለቀቅሁለት፤ ላስቲክ አለበስሁት። እሱ እንደ ክቡር እንግዳ መደብ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ ተኛን።

ከዚያ ግንበኛውን ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ ነገ እንጀምር?»

«ነገ? ነገ እኮ ገብርኤል ነው!»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ዓርብ የማኅበራችን ስብሰባ አለ። ቅዳሜ ማርያም ናት። እሑድ ሰንበት። ሰኞ ጊዮርጊስ፤ እሳቸውን አስቀይሜ መሰላል ላይ አልወጣም። ማክሰኞ ተክለ ሃይማኖት።»

«ጋሼ፣ ሲሚንቶው እኮ ሊደርቅብኝ ነው!»

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ? ጻድቁን ላንሣቸው?»

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «እውነታቸውን ነው! በገብርኤል የተሠራ ሊሾ ይሰነጠቃል» አለች። ሊሾ የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። በዓል የማይከበርበት ቀን ሲገኝ ስብሰባ አለበት፤ ስብሰባ የሌለበት ሲገኝ ታቦት አለበት። ሰማይና ቀበሌ ተስማምተው ቀኑን የተካፈሉት ይመስል ነበር። ሽማግሌው በጣታቸው ቆጥረው ቆጥረው ረቡዕን አገኙልኝ። ረቡዕ ባዶ ናት፣ አሉ።

ረቡዕ ገና ጎሕ ሲቀድ መጡ። አሸዋውንና ሲሚንቶውን አቦካን፤ እኔ አመላለስሁ፣ እሳቸው ዘረጉ፣ በውሃ ልክ አስተካከሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወለሉ በሙሉ ተዘርግቶ አለቀ። የቀረው ነገር ቢኖር ሳይደርቅ በግንበኛ ማንኪያ እየወለወሉ ማለስለስ ብቻ ነው። «ዋናው ይኼ ነው። ከእኩለ ቀን በፊት ካልተወለወለ፣ ሻክሮ ተሰነጣጥቆ ይቀራል፤ ልፋታችን ሁሉ አፈር በላ» አሉ። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች።

ፊሽካ ተነፋ።

«አስቸኳይ ስብሰባ! ከየቤቱ አንድ ሰው! ሠራተኛም ቢሆን አይቀርም!» የቀበሌው ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ በራችን ላይ ቆመ።

«ጓድ፣ ሲሚንቶው ይደርቅብናል» አልሁት።

«ሲሚንቶው አልተጠራም። የተጠራኸው አንተ ነህ» አለኝ።

የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘ ሰው ስኳርና ሳሙና ቢቀርበት ዕድለኛ ነው። ልቅር ብል የማልችል አልነበርሁም። ፈራሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሽማግሌው ማንኪያቸውን አጥበው በጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። መሣሪያቸውን ለማንም ትተው አያውቁም። «እታለም፣ ቶሎ ከለቀቁን እንደርሳለን» እናቴን አሏትና ተከታትለን ወጣን።

አጀንዳው ምን ነበር አትሉም? «የሠራተኛውን የሥራ ጊዜ ከብክነት ስለ መጠበቅ።» በስመ አብ! አንዱ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ይናገራል፤ ሌላው ተነሥቶ ጓዱ ያሉትን እደግፋለሁ ይልና እሱም አንድ ሰዓት ይደግፋል። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው ወለሉን በሐሳብ ያያሉ። «አሁን ጠርዙ ያዘ...» ይሉኛል በሹክሹክታ። ቆይተው ደግሞ፣ «አሁን መካከሉ ያዘ...» አንድ ጊዜ ብቻ ፈቃድ ልጠይቅ አሰብሁ። ዓይኔን ወደ መድረኩ ሳነሣ ሊቀ መንበሩ ሲያየኝ ወንበሬ ላይ ሟሟሁ። ድምፅ ይሰጥ ሲባል ግን እጄ ከሁሉ ቀድማ ተነሣች። ግራ እጃችንን ጨብጠን መፈክር አሰምተን ስንለቀቅ ቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር።

እየሮጥን ደረስን። ሽማግሌው በሩ ላይ ተገትረው ቀሩ።

ወለሉ ልስልስ ብሏል። ከዳር እስከ ዳር፣ ከግድግዳው ሥር እስከ ደጃፉ፣ እበት ሲለቀለቅ እንደሚወጣው ያለ የመዳፍ ክብ ክብ ተደርድሮበታል። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ሁለት እጇን በውሃ ሳፋ ውስጥ ነክራለች።

«ማን ሠራው?» አሉ ሽማግሌው።

«ማን ይሠራዋል? ማንኪያዎን ይዘው ሄዱ። ይደርቃል አላላችሁም?»

በዚያ ጉልበቷ፣ ግድግዳ ሳትይዝ መቆም በማትችልበት ጉልበት፣ ተንበርክካ ወደ ኋላ እየተሳበች ቤቱን ጨርሳዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ መሬት የለቀለቀችው በመዳፏ ነው፤ ሌላ መንገድ አታውቅም። እጇን ከውሃው አወጣሁት። የጣቶቿ ቆዳ ተገሽልጦ ሥጋው ቀይ ሆኗል።

«እበት እጅ አይበላም ነበር፤ ይኼ የእናንተ ጭቃ ግን ይናከሳል» አለች።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ወደ ወለሉ አስጠግተው ልኩን አዩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ቢሆንም መዋሸት አይችሉም። «ወደ በሩ ትንሽ ይዘቀዝቃል» አሉ።

«ለመጥረግ ይመቻል» አለች እናቴ።

ድሬሰሩ እጇን በቅባትና በፋሻ ጠቅልሎ ለሦስት ሳምንት ምንም እንዳትነካ አዘዘ። በዚያው ቀን ማታ ትሪውን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁና ማጉረስ ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጥ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ስብሰባው ምን ወሰነ?»

«ዓርብ ደግሞ እንድንሰበሰብ።»

«አንተም እጅህን አነሣህ?»

«አነሣሁ።»

ለሚቀጥለው ጉርሻ አፏን ከፈተችልኝ።