ዐይን ተጨፍኖ የተነሣ ብራና

የፀሐይነሽ መኳንንት የካሜራ መርገጫ የተሠራው ከአንድ የበር ደወል መጫኛ፣ ከሦስት ባትሪ ድንጋይ፣ ከሁለት የዩኤስቢ ገመድና ከተሰበረ በርጩማ ላይ ከወጣ ጣውላ ነው። ፍርሃቱ ከኋላ ስለሚመጣ መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ፤ እኔ በበኩሌ ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ብራና እንደ ወረቀት አይተኛም። ቆዳ ነውና ሲገልጡት ይጎብጣል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ በግድ ዘርግተው ቢጫኑት ደግሞ ጀርባው ላይ ያለው ስፌት ይበጠሳል። ስለዚህ መጽሐፉ ግማሽ ብቻ ተከፍቶ፣ ሁለት ጣውላዎች እንደ ተገለበጠ ጣሪያ በተጋጠሙበት ማረፊያ ላይ ይቀመጣል። ከላይ በዚያው ቅርጽ የተጣበቁ ሁለት የመስኮት መስታወቶች ይወርዱና ገጾቹን ያስተኟቸዋል። በግራ የቆመው ካሜራ የቀኙን ገጽ፣ በቀኝ የቆመው የግራውን ገጽ ያያል። አንድ እጅ መስታወቱን ያነሣል፣ ሌላው ገጹን ይገልጣል፤ ካሜራውን የሚጫን ሦስተኛ እጅ የለም። ቢኖርም አይረባም፤ ጣት ሲያርፍበት ካሜራው ይነቃነቃል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። የፈራ ሰው ጣት ደግሞ የባሰ ነው። ፀሐይነሽ በጣም ፈርታ ነበር።

ገመዱን የሠራላት ኮምቦልቻ ውስጥ ሞባይልና ካሜራ የሚጠግነው ሱሌማን ነው። ከሳዑዲ የተመለሱ ሰዎች የሸጡለትን ሁለት የኪስ ካሜራዎች አዋሳት። በሚሞሪ ካርዳቸው ላይ አንድ ተጨማሪ ፕሮግራም ጫነባቸው። ፕሮግራሙ የዩኤስቢውን ቀዳዳ እየጠበቀ ይቀመጣል፤ የባትሪው ጉልበት ሲገባ ካሜራው ያነጣጥራል፣ ጉልበቱ ሲቋረጥ ያነሣል። ገመዱ ሁለት ቦታ ስለተከፈለ አንዴ በመርገጥ ሁለቱም ካሜራዎች ይታዘዛሉ።

"ስትረግጪው አይደለም የሚያነሣው፤ ስትለቂው ነው" አላት ሱሌማን። "ወላሂ፣ ይህን ያላወቀ ሰው ሲረግጥ ይውላል።"

"እንደ ስፌት መኪና መስሎኝ።"

"የስፌት መኪና ስትለቂው ይቆማል። አለቃው ሲሄድ ሥራ የሚጀምር ሠራተኛ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይኸው።" ከዚያ መስታወቱን በጨርቅ እየወለወለ "ለመሆኑ ምን መጽሐፍ ነው?" አላት።

"የአባቴ ነው።"

የሱሌማን እጅ መስታወቱ ላይ ቆመ። "ዐይን ያጠፋል የሚሉት? ገመዱን እኔ እሠራለሁ እቴ። መጽሐፉን ግን ወደዚህ እንዳታመጪው።"

ወሬው ከደሴ ኮምቦልቻ የደረሰ ወሬ ነበር። የፀሐይነሽ አባት አቶ መኳንንት በቧንቧ ውሃ ሰፈር የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ናቸው። መጽሐፉ ከአልጋቸው በላይ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ተሰቅሎ ይውላል። ቁልፍ አያስፈልገውም፤ ያልተፈቀደለት ሰው ከገለጠው ዐይኑ ይጠፋል ተብሏልና። የአቶ መኳንንት ታናሽ ወንድም በጎረምሳነቱ ሰርቆ አይቶት ታውሯል ይባል ነበር። ዛሬ ብንጠይቅ ትራኮማ ነው እንል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወሎ ገጠር ውስጥ በዚህ በሽታ ዐይኑን ያጣው ብዙ ነው። ልጅቷ ግን አጎቷ ግድግዳ እየዳበሰ ወደ ደጅ ሲወጣ እያየች ነው ያደገችው። ይህን በማስረዳት ማጥፋት አይቻልም።

ቅጠል ለቃሚዋ እሷ ነበረች። መድኃኒት ፀሐይ ሳይነካው፣ ለቃሚውም ከማንም ጋር ሳይነጋገር ነው የሚለቀመው። አባቷ መልኩንና የሚበቅልበትን ነግረው ይልኳታል፤ እሷ አፏን ዘግታ ሄዳ ታመጣለች፤ እሳቸው በር ላይ ይቀበሏትና በሩን ይዘጉባታል። ለምን እንደሚሆን አይነገራትም። ሴት ልጅ ባል አግብታ ስትወጣ ምስጢሩን ይዛ ትወጣለች ተብሎ ይታሰባል። ሊማር የሚገባው ወንድሟ ተስፋ ነበር፤ ተስፋ ግን መኪና ወደደ። በዚህ ዓይነት ፀሐይነሽ ቅጠሉን ሁሉ በእጇ እያወቀችው፣ ጥቅሙን ሳታውቅ አርባ ዓመት ሊሞላት ተቃረበ።

በወጣትነቷ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ገብታ በፈተል ክፍል ተቀጠረች። እዚያ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ወንጌል አመነች፤ ከብዙ ዓመት በኋላ አባቷንም ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰደቻቸው እሷ ናት። በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሽማግሌዎቹ ስለ መጽሐፉ ሲጠይቋቸው አቶ መኳንንት እሺ አሉ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በግቢው ውስጥ ሊቃጠል ተወሰነ። ፀሐይነሽ መቃጠሉን አልተቃወመችም። ነገር ግን የለቀመቻቸው ቅጠሎች ስምና ጥቅም የተጻፈው እዚያ ብቻ ነበር፤ ከእሑድ በኋላ የትም አይገኝም።

ቅዳሜ አባቷ ለጾም ጸሎት ወጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይመለሱም። ጓዟን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ በሚኒባስ ደሴ ገባች፣ ከፒያሳ በባጃጅ ቤት ደረሰች። ዕቃውን መስኮቱ ሥር አሰናዳችና ማኅደሩን ከግድግዳው አወረደች። የጸለየችው አንድ ጸሎት ብቻ ነው፤ ዐይኔን።

ከዚያ ያደረገችውን ስትነግረኝ አልሳቅሁም፣ እናንተም አትስቁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ዐይኗን ጨፈነች፣ ገጾቹንም በዳሰሳ ብቻ ገለጠች። ይህ የሚቻል ነገር ነው። ብራና ጸጉሩ በነበረበት በኩል ይሻክራል፣ በሥጋው በኩል ይለሰልሳል፤ የፈተል ሠራተኛ ጣት ደግሞ ክር ሲቀጥን ከዐይን ቀድሞ ያውቃል። መስታወት ማንሣት፣ መግለጥ፣ ማውረድ፣ መርገጥ፣ መልቀቅ። ካሜራው ቀጭ ይላል። እንደገና። ጣቷ በገጹ ጠርዝ ላይ የተሰፋ ክር ሲነካ ሰቀጠጣት፤ አላቆመችም። የመጨረሻው ገጽ አልቆ የእንጨቱን ሽፋን ዳሰሰች።

ዐይኗን የገለጠችው ካሜራዎቹን ለማጥፋት ነው። የግራው ሌንሱን ወደ ውስጥ ከትቶ ተኝቷል። ገመዱ ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ወድቋል።

የሆነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አካባቢ መስታወቱ ሲነሣ ገመዱን ነካው፤ ሶኬቱ ተንሸራቶ ወጣ። ካሜራው ለጥቂት ደቂቃ ትእዛዝ ሲጠፋበት ባትሪውን ለመቆጠብ ራሱን ያጠፋል። ሁለት ካሜራዎች እኩል ሲያነሡ ድምፃቸው አንድ ቀጭታ ነው፤ አንዱ ዝም ሲልም ያው አንድ ቀጭታ ነው። የሚታወቀው በማየት ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ አላየችም። የቀኙ ገጽ ሁሉ የለም። አንዱ ገጽ የጀመረው ቅጠል በሌላው ላይ ስለሚያልቅ፣ ግማሽ መጽሐፍ ምንም መጽሐፍ አይደለም።

ሰዓቱ ስምንት እየሆነ ነበር። ገመዱን በፕላስተር አሰረችው። ደግሞ እንዳይወጣ ካሜራውን መጠበቅ አለባት፤ ካሜራው ያለው ከመጽሐፉ በላይ ነው፤ እሱን ያየ መጽሐፉንም ያያል። ዐይኗን ገልጣ መሥራት ነበረባት።

ገለጠች። ፊደሉ ጥቁርና ደልደል ያለ ነበር። የመጀመሪያውን መስመር አነበበች፤ ጊዜዋ ይላል። ያቺ ከአጥር ሥር የምትበቅለዋ፣ ፍሬዋ የምትቀላዋ። ቀጥሎ ቀበርቾ። ሥሩን ስትቆፍር ጣቷ ይደማ ነበር። ምስርች። ለካ ለዚህ ኖሯል! እግሯ እየረገጠ እየለቀቀ፣ አፏ የሚያውቃቸውን ስሞች ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ በሩ ሲከፈትም አልሰማችም። ጾሙ አዙሯቸው አባቷ ቀድመው ተመልሰው ነበር።

"ፀሐይ።"

እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ።

"ወደኔ ዙሪ።" ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። ስትዞር እጃቸውን አንሥተዋል። "ስንት ጣት ነው?"

"ሦስት።"

"ይኸስ?"

"አንድ። አባባ፣ እኔ..."

"ግራ ዐይንሽን ሸፍኚ። አሁንስ?"

"አራት። አውራ ጣትዎ ታጥፏል።"

አልጋው ላይ ዘፍ አሉ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው?"

"አሁን ነው።"

"ገና ነዋ እንግዲህ" አሉ።

ፀሐይነሽን በዚያ ቀን ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራት ይህ ቃል ነው። "አባባ፣ ጌታን ተቀብለው አሁንም ይፈሩታል?"

"እኔ ተውኩት። እሱ ይተወኝ አይተወኝ አላውቅም። ባየው ይመልሰኛል ብዬ ማኅደሩን ዞር ብዬ ነው የማልፈው።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "ሰማያዊ ክር የተሰፋበት ገጽ አለ። እስከሱ የቅጠል ነው። ከሱ ወዲያ የስም ነው፣ የመናፍስቱ። አልፈሻል?"

መዋሸት ትችል ነበር። "የቀኙ ካሜራ እስከ መጨረሻው ሄዷል። ግማሹን ይዟል።"

"አጥፊው። አሁን፣ እኔ እያለሁ።"

"እስከ ክሩ ያለውንስ?"

በጣታቸው የአልጋውን ጠርዝ ዳሰሱ።

"ቅጠሉን የለቀምኩት እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"አንቺ ነሽ።"

"ሊነግሩኝ ኖሯል?"

"ለተስፋ ነበር።"

"ተስፋ ሲኖትራክ ነው የሚነዳ። ሲኖትራክ ቀበርቾ አይጠጣም።"

የአባቷ ትከሻ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ከጀርባ አይታወቅም። "እስከ ክሩ ጨርሺ" አሉ። "ከዚያ የወዲያውን አጥፊ።"

ጨረሰች። ማጥፋቱ ግን ከማንሣቱ የከፋ ሆነ። ካሜራው እያንዳንዱን ሥዕል በትንሿ ማያው ላይ አውጥቶ ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሳያዩ ማጥፋት የለም። ከክሩ ወዲያ ባሉት ገጾች ላይ በአራት ማዕዘን ውስጥ ዐይኖች ተሥለው ነበር፤ ክብ፣ ቅንድባቸው የተገጠመ፣ ፊት ለፊት የሚያፈጡ። አንዱን ስታጠፋው ሌላው ብቅ ይላል። አባቷ ከግድግዳው ሳይዞሩ የቁልፏን ድምፅ እየሰሙ "ቀረ?" ይላሉ። "ቀርቷል" ትላለች፣ ትጫናለች። ሲያልቅ እጇ ቁልፉ ላይ ደንዝዞ ነበር።

እሑድ የምእመናኑ ሽማግሌ ቀለሙ በግቢው ጥግ መጽሐፉን ተቀብለው ጋዝ ከማፍሰሳቸው በፊት "አቶ መኳንንት፣ የቀረ ነገር አለ?" ብለው ጠየቁ። የፀሐይነሽ አባት ካመኑ ወዲህ አይዋሹም።

"የቅጠሉ ልጄ ጋ በፎቶ አለ። የስሙ ጠፍቷል" አሉ አባቷ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ቀለሙ እጃቸውን ዘረጉ። "ካርዱንም አምጪው፣ ልጄ። እሳት አንዴ ነው።"

ካሜራው በነጠላዋ ሥር ነበር። ያዘችው። "ጋሽ ቀለሙ፣ ባለፈው ሲያስልዎት ባለቤትዎ ዳማከሴ ጨምቀው አላጠጡዎትም?"

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

"ዳማከሴ ሌላ" አሉ ቀለሙ።

"እዚህም ያለው እሱ ነው። ካላመኑ ይዩት።" ካሜራውን አብርታ ማያውን ወደሳቸው ዘረጋች።

ቀለሙ ሊቀበሉ እጃቸውን ላኩ፤ ከማያው አንድ ስንዝር ሲቀር እጃቸው ቆመ። ዐይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ፀሐይነሽ ካሜራውን ወደ ቀጣዩ ሽማግሌ አዞረችው፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። አንዱም አልተቀበላትም። "በእግዚአብሔር ፊት እውነት ከሆነ ይበቃል" አሉ ቀለሙ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይሉ። ጋዙንም አፈሰሱ። ብራና እንደ ወረቀት አይነድም፤ እየተኮማተረ፣ ጸጉር የተቃጠለ ያህል እየሸተተ፣ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። እሷና አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ጠበቁ።

ሱሌማን ገጾቹን አተመላት፤ ሲያትም ጥቁር መነጽር አድርጎ ነበር ትላለች፣ እሱ ግን ፀሐይ ነው ይላል። ለወራት ያህል ፀሐይነሽ ፈረቃ ስትገባ መጀመሪያ አንድ ዐይኗን፣ ቀጥሎ ሌላውን እየሸፈነች በክር ማጠንጠኛው ላይ ያለውን ደቃቅ ቁጥር ታነብ ነበር። ሐኪም ዘንድ አልሄደችም፤ ሐኪሙ የሚላትን ፈራች።

አባቷ አንዳንድ እሑድ ኮምቦልቻ ይመጣሉ። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና "አንብቢ" ይሏታል። ታነባለች። ወረቀቱን አንድ ቀን እንኳ አላዩትም።

"ቅጠሉ ተወቅጦ..." ብላ ጀመረች ባለፈው።

"ሥሩ ነው" አሉ ከመስኮቱ። "ጸሐፊው ተሳስቷል። እኔ ሁሌም ሥሩን ነው የምወቅጠው።"

እስክሪብቶ ፈልጋ፣ ቅጠሉ የሚለውን ሰርዛ፣ ሥሩ ብላ ጻፈች።

"ቀጥዪ" አሏት።