ለምን ውጭ አገር ታከሙ?

እናቴ እህቷን ልትጠይቅ ብላ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ማህፀኗን ቀዶ ጥገና መደረጓን የሰማነው አክስቴ ስትደውል ነው። ስትመለስ የሆስፒታሉን ደረሰኞች በመሐረብ ቋጥራ አመጣችና ኖርዌይ፣ ትሮስተሩድ የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታቻቸው።

«እንግዲህ ይሄ ያንተ ሥራ ነው» አለችኝ። ወጪውን ከጤና መድን ማስመለሱን ማለቷ ነው። ስደት ከወጣን ጀምሮ የቤታችን ጸሐፊም አስተርጓሚም እኔ ነበርኩ፤ ለነገሩ ትንሽ እኮራበትም ነበር።

ቅጹን ስሞላ አንዲት ጥያቄ ላይ ደረስኩ፦ «ኖርዌይ ውስጥ መታከም ሲችሉ ለምን ውጭ አገር ታከሙ?» ሳላመነታ «ወረፋው ስለረዘመ» ብዬ ጻፍኩ። እዚህ አገር ወረፋን የማያማ የለምና ያስኬደናል ብዬ ነው። እናቴ ግን ያልተነበበላትን አትፈርምም፤ በአማርኛ አነበብኩላት።

«እኔ ወረፋ አልጠበቅኩም» አለች። «ለማንም ሳልናገር የምን ወረፋ?»

«ታዲያ ሐኪሟ ጋ ስንመላለስ የከረምነውስ?»

«እሱማ ለወገቤ ነው።»

እውነት ነው። ፋስትሌጓ፣ የቤተሰብ ሐኪማችን ማለት ነው፣ ምን እንደሚያማት በጠየቀቻት ቁጥር እናቴ «ወገቤን» ትላለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ወገቧን ነው እላለሁ። ማስታገሻ ይጻፍልናል፤ እንወጣለን። አንድ ቀን እኔ ሥራ ስለነበረብኝ በስልክ አስተርጓሚ ቀረበላት። እናቴ ገና ድምፅዋን ስትሰማ ለየቻት፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ የምትቆም ሴት ነበረች። ያን ቀንም ወገቤን ብላ ወጣች።

ተናደድኩ። የአዲስ አበባዋ ሐኪም «ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ» ማለቷን አክስቴ ነግራኝ ስለነበር፣ ፍርሃቴ ነው ቁጣ ሆኖ የወጣው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ» አለች መሐረቧን እያጣጠፈች። «ለማን ልግለጠው? ደም አልቆም አለኝ ብዬ ላንተ ልንገርህ? የወለድኩህ ልጄ አይደለህም?»

የጻፍኩትን ሰርዤ «አስተርጓሚዬ ልጄ ስለነበረ» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ሳነብላት ራሷን ነቀነቀችና ፈረመች።

የመድን ቢሮው አልተቀበለውም። እንዲህ ያለ ምክንያት ሕጉ ውስጥ የለም። እኔ ግን ለክትትል ቀጠሮዋ ሐኪሟ ቢሮ ደውዬ፣ ሌላ ከተማ የምትኖር፣ የማታውቀን ሴት አስተርጓሚ እንዲፈልጉላት ለመንኩ።

ቀኑ ሲደርስ እስከ በሩ ሸኝቻት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሐኪሟ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ። ቃሉ አይለይም፤ ግን ታወራለች፣ ትንሽ ታርፋለች፣ እንደገና ታወራለች። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ አንድም ቀን እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባዬ መጣ።

ተነሥቼ፣ ድምፅዋ ወደማይሰማበት ወንበር ሄድኩ።