የነጡት ጣቶቼና የደምሴ እጅ

መጀመሪያ የነጣው የግራ እጄ የመሐል ጣት ነው። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ውርጭ የጣለበት ጠዋት ነበር። ፊቴን ታጥቤ እጄን ሳደርቅ ጣቴ ከጫፉ እስከ ሁለተኛው አንጓ እንደ ሻማ ነጥቶ አየሁት። ቆነጠጥኩት። አልተሰማኝም። ጥቂት ቆይቶ ቀላ፣ ጠዘጠዘኝ፣ ከዚያም ተወኝ። የመንዝ ሰው ሁሉ እንደሚለው "ውርጭ ነው" አልኩና ረሳሁት።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ጣቱ እየነጣ "ውርጭ ነው" ለሚል ሰው ነው። በተለይ በሞተር መጋዝ ለሚሠራ።

ታደሰ እባላለሁ፣ ሥራዬ ዛፍ መመልመል ነው። በፊት በአካባቢያችን ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ የሚቆርጠው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ደምሴ ነበር። ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ መጥረቢያውን ይዞ ሲወጣ ሰው የያዘውን ሥራ ትቶ ያየዋል። እኔ ከሥር ሆኜ የወደቀውን እጎትታለሁ። ጣሪያው ላይ ዛፍ ያጋደለበት ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው። ይህ ነገር ሆዴን ያቃጥለው ነበር።

ባለዘንጉን መጋዝ ከአዲስ አበባ ሳመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ከረጅሙ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰንሰለት አለው፣ ከእጀታው በኩል ደግሞ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር። መሬት ላይ እንደቆምክ ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ትቆርጥበታለህ። አሁን የሚፈለገው እኔ ሆንኩ፣ ጎታቹ ደምሴ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። መጋዙን ለአንድ ቅርንጫፍ እንኳ ሳላስነካው ከጠዋት እስከ ማታ ብቻዬን ያዝኩት።

"ጋሼ፣ ትንሽ ልቀበልዎት" ይለኛል።

"ሰንሰለቱን ታበላሸዋለህ" እለዋለሁ።

የሞተሩ ንዝረት እስከ ክርኔ ይዘልቃል። ማታ ራት ላይ ስቀመጥ እጄ መጋዙን ገና ያልለቀቀ ይመስል ይነዝረኝ ነበር። እያደር የሚነጣው ከአንድ ጣት ወደ ሦስት ሆነ። የኮቴን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። የበግ ገመድ ከእጄ ይሾልካል፣ መሾለኩን የማውቀው በጓ ስትሄድ ነው። ባለቤቴ ወይንሸት ሐኪም ቤት እንድሄድ ለመነችኝ። እኔ ግን ዓይን ነው ብዬ አመንኩ። የማንን ዓይን እንደጠረጠርኩ መናገር አያስፈልግም።

በእኛ አገር ከውርጭ የገባ ሰው ቀጥታ ወደ እሳት ነው። አንድ ጠዋት ከሥራ ገብቼ እጄን የኩበቱ ፍም ላይ ዘረጋሁ። ሙቀቱ እስኪሰማኝ ጠበቅኩ። አልተሰማኝም። ይበልጥ አስጠጋሁት። ወይንሸት ከጓዳ "ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች። ዞሬ አየሁ። የሚሸተው ጣቴ ነበር።

አላመመኝም። የፈራሁት አለማመሙን ነው። ቆዳው ተላጠ። ከዚያ ጠቆረ። መግል ያዘ። መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት አይተው ወደ ደብረ ብርሃን ላኩኝ። መንገዱን ሙሉ ሚኒባሱ ውስጥ እጄን በነጠላ ሸፍኜ ሄድኩ። ማየት አልፈለግኩም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ቁስሉን አየች፣ ያልቆሰሉትን ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ ነካካች፣ ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"ውርጩ ብቻውን እንዲህ አያደርግም" አለችኝ። "የሞተሩ ንዝረት የደም ሥርዎንና ነርቭዎን ጎድቶታል። ሃንድ አርም ቫይብሬሽን ሲንድሮም ይባላል፣ ከንዝረት የሚመጣ የእጅና የክንድ ሕመም ነው። እሳቱ ያልተሰማዎት ለዚህ ነው።"

"ጣቴ ይቆረጣል?"

"ሥጋው ሞቶ ጋንግሪን እንዳይሆን እንከታተላለን። ቃል ልገባልዎት ግን አልችልም።" ቀጥላም "እየተቀያየራችሁ ብትሠሩ እኮ እዚህ አይደርስም ነበር። የሚቀይርዎት ሰው አልነበረም?" አለችኝ።

"አልነበረም" አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወይንሸት ቀና ብላ አየችኝ።

ጣቴ ዳነ። ቁስሉ በየጊዜው እየታጠበ፣ አንቲባዮቲክና የደም ሥር የሚከፍተውን ኒፌዲፒን እየወሰድኩ፣ የጠቆረው ቆዳ ቀስ በቀስ ተቀርፎ ከሥሩ ሮዝ ቆዳ ብቅ ሲል፣ እንደገና ሰው የሆንኩ መሰለኝ፤ ጥፍሩ ግን እስከዛሬ አልበቀለም። ሌሎቹ ጣቶቼም ወራት ወስደው ትንሽ ትንሽ መሰማት ጀመሩ፣ መጀመሪያ የተሰማኝም ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ የደባበስኩት የበግ ፀጉር ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ መጋዙ ደምሴ ዘንድ ነበር። ወይንሸት ናት የሰጠችው፤ ቤታችን መብላት ነበረበት። "እያረፍክ ሥራ" ብላዋለች፣ እሺም ብሏል። ሰው ሁሉ ግን የታደሰን ጣት እሳት አቃጠለው እንጂ መጋዙ ጎዳው አላለም፣ ደምሴም እንደ ሰው ሁሉ አሰበ። ከተኛሁበት ሆኜ የሞተሩ ድምፅ ከየትኛው ሰፈር እንደሚመጣ እለያለሁ። ቁስሉ ከሚያመኝ ይልቅ ያ ድምፅ ያመኛል። ሊጠይቀኝ ሲመጣ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የኮቴን ቁልፍ ይቆልፍልኛል። ጣቶቹ ፈጣን፣ ቀያይ፣ ሙቅ ናቸው። ደግነቱን እያወቅሁ እጁን ልገፋው ይቃጣኝ ነበር።

አንድ የውርጭ ጠዋት መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። እንደ ልማዱ ሊቆልፍልኝ እጁን ከጋቢው አወጣ። ሌባ ጣቱ ነጭ ነበር።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አልዋሽም።

ቁልፉን ጨረሰ፣ ተሰናበተኝ፣ መጋዙን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ አንድ ቃል ካልተናገርኩ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አገሩ ላይ አልነበረም።

"ደምሴ፣ አስቀምጠው" አልኩት።

"ምኑን?"

"መጋዙን። ጣትህ ነጥቷል።"

"ውርጭ ነው ጋሼ። የእርስዎ ከእሳቱ ነው።" አንገቱን ደፍቶ "ቀንተው ነው እንዴ?" አለኝ።

"አዎ፣ ቀንቻለሁ። ጣትህም ነጥቷል። ሁለቱም እውነት ነው። አስቀምጠው።"

ጣቱን ገልበጥ አድርጎ አየው። መጋዙን አስቀመጠው። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ይዤው ሄድኩ። ያችው ሐኪም ጣቶቹን ነካክታ "በጊዜ መጥተሃል፤ ካቆምክ ይመለሳል" አለችው። አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጣትህ ከነጣ ውርጩ ላይ አታሳብብ። ሞተሩን አጥፋ፣ ሥራህን ለሐኪም ንገር። የደነዘዘ እጅ እሳት ላይ አይዘረጋም፤ በብብትህ አሙቀው። የምታጨስ ከሆነ ተው፣ የደም ሥር ያጠብባል። መጋዙን ጨምድደህ አትያዝ፣ ቶሎ ቶሎ አሳርፈው፣ ጎንህ ላለው ሰውም አቀብለው፣ ብትጠላውም።

ሐኪሟን፣ ቁስሌን ያጠቡትን ነርሶች፣ በየጠዋቱ እጄን በገዛ ሰውነቷ ያሞቀችውን ወይንሸትን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደምሴንም አመሰግናለሁ፤ ቃሌን ሰምቷልና። ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ ድነዋል፣ ባየኋቸው ቁጥር አሁንም እቀናለሁ። አንተም ይህን አንብበህ በጊዜ ከዳንክ በአንተም እቀናለሁ። እባክህ አስቀናኝ።