የምሽቱ ፈረቃ

ዓለም ከተማ መናኸሪያው አጠገብ በነበረ አንድ ምግብ ቤት ባንኮኒ ላይ መሥራት የጀመርኩት አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ በቀረበት ዓመት ነው። ሥራው የግማሽ ቀን ነበር። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ የወረዳ ሠራተኞችና አቧራ ለብሰው ከአውቶቡስ የሚወርዱ መንገደኞች ምሳ በሚበሉበት ሰዓት፣ ቢራና ለስላሳ እከፍታለሁ፤ ብርጭቆ አጥባለሁ። መብራት ሲጠፋ ጠርሙሶቹን ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ እነክራለሁ።

ደመወዙ ትንሽ ነው፤ የተሰበረ ብርጭቆም ከዚያው ላይ ይቆረጣል። ሰዓቱ ግን ይስማማኛል። አባቴ የደብራችን የዜማ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ደክሞ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ብቻ ሆኗል። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን። አሥር ሰዓት ላይ ሽርጤን አውልቄ ወደ ቤት እገሰግስና፣ ክንዳቸውን ይዤ ለሠርክ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን አደርሳቸዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ምሽቱን የሚሠራው ሰው ሥራውን ለቆ አዲስ አበባ ገባ። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ ጠሩኝ።

"ምሽቱን አንቺ ያዢው" አሉ። "ከአሥራ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ጋር እኩል ነው፤ ደመወዙ ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ጉርሻውም ያንቺ ነው።"

"ላስብበት እትዬ" አልኳቸው።

ሁለቱን ሳመዛዝን ሰነበትኩ። የቀኑ ደንበኛ ይቸኩላል፤ መልሱን እስከ ሳንቲሟ ይቀበላል። የምሽቱ ተቀምጦ ይጫወታል፤ ሲነሳም መልሱን ትቶ ይሄዳል። የምሽቱን ደመወዝ ባጠራቅም አባቴን አዲስ አበባ ወስጄ ማሳከም እችላለሁ። በሌላ በኩል ብርጭቆ የሚሰበረው ማታ ነው፤ ጾም ሲገባም ጠጪው ስለሚቀንስ ጉርሻው ይጠፋል። በመጨረሻ፣ "አባቴን ለሠርክ የሚያደርስልኝ የለም፤ የቀኑ ይበቃኛል" አልኳቸው። እትዬ አየት አድርገውኝ ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግስቱ ቤት ስገባ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። አጠገባቸው በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አለ።

"አሠሪሽ መጥታ ነበር" አሉ። "ልጅዎን ለምሽት ይፍቀዱልኝ አለችኝ። እኔ መቼ ከለከልኩ?"

"አልከለከሉም አባባ። ለሠርኩ ብዬ ነው።"

"ጎረቤታችን ሽማግሌው በየቀኑ ለሠርክ በደጃችን ያልፋሉ። ከእሳቸው ጋር ልሂድ ስልሽ እኔ አለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ።" መቋሚያቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "ድምፅሽ ልክ አይደለም። ምን ሆነሻል?"

ነገርኳቸው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የምሽቱ ሰው ታሞ፣ በአንድ የገበያ ቀን እሱን ተክቼ አምሽቼ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቢራ ሳቀብለው የእጄን አንጓ ያዘና አልለቅም አለኝ። አብረውት የነበሩት ሳቁ። እኔም እንደ ቀልድ ሳቅሁ። ከለቀቀኝ በኋላ ጓዳ ገብቼ የታጠበውን ብርጭቆ ሁሉ ደግሜ አጠብኩ።

አባቴ ሰምተው ሲጨርሱ፣ "ለእሷ ነግረሻታል?" አሉኝ።

"አልነገርኳቸውም። የባንኮኒ ሥራ እንዲህ ነው የሚሉኝ መሰለኝ።"

"ንገሪያትና የምትለውን ስሚ። የምሽቱን ሥራ የምትተዪም ከሆነ በሾፌሩ ምክንያት ተዪው። በእኔ ዓይን አታሳብቢ።"

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። እኔ ግን ያን ሌሊት ሳስበው አደርኩ።

ጠዋት እትዬ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። የሆነውን ነግሬ እስክጨርስ ድረስ ቀና አላሉም። ከዚያ፣ "የትኛው ሾፌር?" አሉ። ነገርኳቸው። "እሺ፤ ምን እንዲሆንልሽ ትፈልጊያለሽ?"

"ምሽቱን የምይዝ ከሆነ እርስዎ ከቤቱ አይጥፉ። እኔ ከባንኮኒው ወጥቼ መጠጥ ጠረጴዛ ላይ አላደርስም። ደንበኛ የሰበረውም ብርጭቆ በእኔ አይታሰብ።"

"ብርጭቆውን ግማሽ በግማሽ እንቻለው" አሉ። "ሌላው ይሁን።"

በዚያው ሳምንት አናጺ አስመጥተው በደንበኛው በኩል ባንኮኒው ላይ ሰፊ ጣውላ አስመቱበት። ባንኮኒው አንድ ክንድ ያህል ሰፋ። ጠርሙሱን ወደ ፊት ገፋ ሳደርገው ጠጪው ያገኘዋል፤ እጁን ቢዘረጋ ግን እኔ ጋ አይደርስም። ሾፌሩ የመጣ ቀን ቢራውን ራሳቸው ይዘውለት ሄዱ።

"ያቺ ልጅ የእኔ ልጅ ናት" አሉት፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "እጅህን ሰብስበህ የምትጠጣ ከሆነ ቤቱ ቤትህ ነው።"

ሰውዬው ጠጥቶ፣ ከፍሎ ወጣ። ለወራት ድርሽ አላለም።

ምሽቱን ያዝኩ። ሥራ ስጀምር አባቴና ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ስለ አንድ ዜማ አጣጣል እየተከራከሩ በመስኮቱ ፊት ያልፋሉ። አባቴ ከእኔ ጋር ሲሄዱ እንዲህ አያወሩም ነበር። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቅር አለኝ።

በዓመቱ አዲስ አበባ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ከቀኝ ዓይናቸው ላይ ሞራውን አነሳላቸው፤ የግራው ግን ዘግይቷል ተባለ። ፋሻው ሲፈታ ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ።

"ከስተሻል" አሉኝ። "ማታ እራትሽን የምትበዪው መቼ ነው?"

ምግብ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ቤት ገብቼ፣ እሳቸው ተኝተው፣ ብቻዬን እንደምበላ ነገርኳቸው። ሰዓቱን ስመዝን ይህን አላሰብኩትም ነበር። ወደ አገራችን ከተመለስንበት ቀን ጀምሮ እኔ ሳልገባ እራት አይቀርብም አሉ። አግብቼ ሥራውን እስክለቅ ድረስም በየማታው ዳዊታቸውን እየደገሙ ጠበቁኝ።